የደጃዝማቹ መቃብር ቤት፦ ዕብነ በረድ ከማልበስ በፊት ሊታዩ የሚገባቸው ነገሮች

ጥያቄ፦ «ቅድመ አያቴ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ደጃዝማች ነበሩ። ከአራዳ ብዙም በማይርቅ ደብር ቅጥር ግቢ ውስጥ የቤተሰባችን መቃብር ቤት አለ። ስምንት ማዕዘን ነው፤ በጥርብ ድንጋይ ተሠርቶ ጉልላቱ ቆርቆሮ ለብሷል። ከላይ አንድ ክፍል፣ ከሥር ደግሞ በድንጋይ ክዳን የተዘጋ ምድር ቤት አለው። በላይኛው ክፍል አንዲት እማሆይ ይኖራሉ። ግድግዳው ተሰንጥቋል፣ ምድር ቤቱም ይረጥባል። የቤተሰቡ ማኅበር ገንዘብ አሰባስቦ ተቋራጭ አነጋግሯል፤ ግድግዳውን በሲሚንቶ ለስኖ ዕብነ በረድ ሊያለብስ፣ ጣሪያውንም በኮንክሪት ሊተካ ሐሳብ አቅርቧል። ሕንፃው ምን ዓይነት ነው? እድሳቱስ ልክ ነው? በቅርብ ዓመታት ያረፉ ዘመዶቻችንን ስም በደጃፉ ላይ ብናስቀርጽስ?»

ምላሽ፦ ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ፤ ውሉ ገና ካልተፈረመ አይፈረም። ተቋራጩ ክፉ አስቧል አልልም። ያቀረበው ሥራ ለአዲስ ቪላ የሚስማማ ነው፤ መቶ ዓመት ለቆየ ድንጋይና ኖራ ግን ቁስል ሳያጥቡ ካባ እንደ መደረብ ይሆናል። ግድግዳው የተጎዳው ዕብነ በረድ ስላጣ አይደለም። እንደ ገለጹልኝ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል፤ መግቢያውን ሳይዘጉ የሚሠራ ማንኛውም ጌጥ ደግሞ ውኃውን ከውስጥ ያስቀረዋል።

ስለ እድሳቱ ከመናገሬ በፊት ግን ሕንፃው ምን እንደሆነ ልናገር። ሊደረግ የሚገባውም የማይገባውም ከአሠራሩ ይመነጫልና።

ከላይ ቤት፣ ከሥር መቃብር የማድረግ ሐሳብ በአገራችን እጅግ ጥንታዊ ነው። በአክሱም ከከተማው በስተ ሰሜን ምሥራቅ ካለው ኮረብታ ላይ የካሌብና የገብረ መስቀል የሚባሉት መቃብሮች አሉ። ከላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሕንፃዎች ነበሩ፤ ከሥራቸው በደረጃ ተወርዶ የሚገባባቸው ክፍሎች ደግሞ ዛሬም ጠንክረው ይታያሉ። ግዙፎቹ ድንጋዮች እርስ በርሳቸው ተገጣጥመው የተጠረቡ ስለሆነ በመገናኛቸው ላይ ስለት ማስገባት ያስቸግራል። በገብረ መስቀል መቃብር ከክፍሎቹ በአንዱ ውስጥ የድንጋይ ሣጥኖች ተቀምጠዋል። ከላይ ያለው ለሕያዋን ነው፤ ለጸሎት፣ ለመታሰቢያ። ከታች ያለው ለሟቹ ነው። የእርስዎ ቅድመ አያት መቃብር ቤት መጠኑ ትንሽ ቢሆንም የዚያው ሐሳብ ወራሽ ነው።

በአዲስ አበባ መሐል ይህ ሐሳብ በትልቁ የሚታየው በታላቁ ቤተ መንግሥት አጠገብ በሚገኘው በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ገዳም ነው። ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ አልተነገረም፤ አስከሬናቸውም በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ለዓመታት ቆየ። ንግሥት ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ ለአባታቸው የሚገባ ማረፊያ ለመሥራት ተነሡ። ሥራው ዓመታት ወስዶ የተጠናቀቀው በ1920 ዓ.ም. ግድም ነው። ሕንፃው አራት ማዕዘን ነው፤ በመካከሉ ትልቅ ጉልላት፣ በጉልላቱ አናት ላይ ደግሞ ዘውድ አለ። ከቤተ ክርስቲያኑ ወለል ሥር ባለው ምድር ቤት ዐፄ ምኒልክ፣ እቴጌ ጣይቱና ራሳቸው ንግሥት ዘውዲቱ አርፈዋል። ንግሥቲቱ መጋቢት 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ሲያርፉ ለአባታቸው ባሠሩት ቤት ከአባታቸው ጋር ተቀበሩ። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም፣ በ1934 ዓ.ም. በነቀምት ያረፉት ልዕልት ፀሐይም እዚያው ናቸው። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ አስከሬንም ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል እስከ ተቀበሩበት እስከ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ድረስ በዚሁ ገዳም ቆይቷል።

በዓታን ያነሣሁት መኳንንቱ ከቤተ መንግሥቱ ይማሩ ስለነበር ነው። የአዲስ አበባ መሐል አሰፋፈር የተቀረጸው በእነርሱ ሰፈሮች ነው፤ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ እየተባለ እስከ ዛሬ የሚጠራው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ባለ ሰፈር መኰንን መኖሪያውን፣ አጥቢያውንና ማረፊያውን በአንድ አካባቢ ያስባል። ሆኖም በበዓታና በእርስዎ መቃብር ቤት መካከል አንድ መሠረታዊ ልዩነት አለ። በዓታ ታቦት ያለው፣ ቅዳሴ የሚቀደስበት ቤተ ክርስቲያን ነው። የእናንተው ግን ታቦት የለውም፤ ለፍትሐት፣ ለተዝካርና ለጸሎት የተሠራ ቤት ነው። ስለዚህ ግድግዳው ቀጭን፣ ክፍሉም አንድ ብቻ ሆኖ ቢገኝ የድህነት ምልክት አይደለም። ለተሠራበት ዓላማ የሚበቃው ያ ነው።

ስምንት ማዕዘንነቱ ደስ ብሎኛል። በአራዳ ዓይን የሚያርፍበት ትልቁ ድንጋይ ሕንፃ የመናገሻ ገነት ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ነው፤ ቅርጹም ስምንት ማዕዘን ነው። ክቡን የአገር ቤት ቤተ ክርስቲያን በጥርብ ድንጋይ መሥራት ለሚፈልግ ጠራቢ ስምንት ማዕዘን መልካም መፍትሔ ነው፤ እያንዳንዱ ግድግዳ ቀጥ ያለ ስለሆነ ድንጋይ ማጉበጥ አያስፈልግም፣ መልኩ ግን ከክቡ አይርቅም። በዚያ ዘመን በከተማይቱ ከአገሬው ጠራቢዎች ጋር ሕንዶች፣ አርመኖች፣ ግሪኮችና ጣሊያኖች ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር። የማን እጅ እንዳለበት ማወቅ ከፈለጉ በሩና መስኮቱ ላይ ያለውን ቅስት ይመልከቱ፤ ድንጋዮቹ ወደ መሐል እየጠበቡ የተጠረቡ ናቸው ወይስ በአንድ ወጥ ድንጋይ ወይም በግንድ ተሸፍኖ ቅስት መስሎ የተለሰነ ነው? በግድግዳው አናት ዙሪያውን የሚሄደው ወጣ ያለ ድንጋይ ከሥሩ ውኃ የሚያንጠባጥብ ቦይ ተቆርጦለታል? ይህ ቦይ ካለ የሠራው ሰው ውኃ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ሰው ነበር።

ዘመኑን ለመገመት ማያያዣውን ይዩ። በአገራችን ሲሚንቶ መመረት የጀመረው በጣሊያን ወረራ ጊዜ በድሬዳዋ ነው። ከዚያ በፊት ከውጭ የሚመጣና ውድ ነበር፤ ባቡሩም አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከወረራው በፊት የተሠራ መቃብር ቤት አብዛኛውን ጊዜ በኖራ ወይም በጭቃ ተያይዞ፣ በኖራ ተለስኖ ይገኛል። በጥፍር ሲጫሩት ነጭ ዱቄት የሚሰጥ ከሆነ ኖራ ነው። ግራጫና ጠጣር ሆኖ ከድንጋዩ ፊት ወጣ ያለ ከሆነ ደግሞ ከእናንተ በፊት አንድ ሰው በሲሚንቶ «አድሶታል» ማለት ነው፤ ችግሩም ከዚያ የጀመረ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ውኃው ልመለስ። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛውም በክረምት ወራት ተደራርቦ ይወርዳል። እንዲህ ባለ ቦታ የመቃብር ቤት ዕድሜ የሚወሰነው በአሸንዳውና በዙሪያው ባለው መሬት ነው። በከተማችን አድባራት ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ። ግቢው በየጊዜው በኮንክሪትና በንጣፍ ድንጋይ ይነጠፋል፤ በእያንዳንዱ ንጣፍ መሬቱ ከፍ ይላል፣ መቃብር ቤቱም ያለበት ቀርቶ በጉድጓድ ውስጥ እንደ ቆመ ይሆናል። ዝናቡ ቀድሞ ወደ አፈር ይሰርግ የነበረው አሁን በንጣፉ ላይ ሸሽቶ የሚያገኘው ዝቅተኛ ቦታ የግድግዳችሁን እግር ነው። በደጃፉ ያሉት ደረጃዎች ስንት እንደ ነበሩ አሮጌ ፎቶግራፍ ካላችሁ አወዳድሩ። ከሦስት ደረጃ አንዱ ብቻ ከቀረ የምድር ቤቱ እርጥበት ምክንያቱ ታውቋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ገንዘብ የሚውለው እዚህ ነው። ከሰበካ ጉባኤው ጋር ተነጋግራችሁ በሕንፃው ዙሪያ ያለውን ንጣፍ አንሡ፤ መሬቱን ወደ ቀድሞ ከፍታው መልሳችሁ ከግድግዳው እየራቀ እንዲወርድ አድርጉት፤ በጠጠር የተሞላ ቦይም አዙሩበት። ቦዩን ስትቆፍሩ ከመሠረቱ በታች አትውረዱ፤ ከጎኑ ሌላ ሰው የተቀበረበት ሊሆን ስለሚችልም ያለ ደብሩ ፈቃድ አካፋ አይነሣ። ከዚያ የጉልላቱን ቆርቆሮ መርምሩ፣ የዛገውን ለውጡ፣ አሸንዳ ከሌለው አሸንዳ ስጡት። በግድግዳው ላይ ወፍ ጥሎት የበቀለ ሾላ ወይም ዋርካ ካለ በእጅ አትንቀሉት፤ ሥሩ ድንጋዩን ይዞ ይወጣል። ከግንዱ ቆርጣችሁ ሥሩን በመድኃኒት ገድላችሁ፣ ሲደርቅ ቀዳዳውን በኖራ መሙላት ነው።

ይህ ተደርጎ ግድግዳው አንድ በጋ ይድረቅ። ቤተሰቡ «ገንዘቡ በእጃችን እያለ ለምን እንጠብቃለን?» ይል ይሆናል። ያልደረቀ ግድግዳ ላይ የሚለሰን ሁሉ ይፈርሳልና መጠበቁ ገንዘብ ማዳን ነው።

የሲሚንቶውን ነገር ጠንከር አድርጌ ልናገር፤ በዚህ ከተማ ያሉ ውብ መቃብሮችን ከዝናብ ይልቅ የሲሚንቶ ልስን ሲጎዳቸው አይቼ አዝኛለሁ። የቆየ የድንጋይ ግድግዳ ውኃ ይወስዳል፣ ያወጣልም። ኖራ ለስላሳና ትንፋሽ ያለው ስለሆነ እርጥበቱ በእርሱ በኩል ይወጣል፤ ሕንፃው ጥቂት ሲንቀሳቀስም አብሮት ይለጠጣል፣ ከተጎዳም የሚጎዳው ማያያዣው ነው፤ እርሱ ደግሞ ይተካል። ሲሚንቶ ጠጣር ነው፤ እርጥበቱን ያግደዋል። የታገደው ውኃ በድንጋዩ በኩል መውጫ ሲፈልግ የያዘውን ጨው ከድንጋዩ ፊት ሥር ያስቀምጣል፤ ጨው ሲደርቅ ያብጣል፣ የድንጋዩም ፊት እየተላጠ ይወድቃል። በግድግዳችሁ እግር ላይ ነጭ ዱቄት ካያችሁ ይህ ተጀምሯል። በሲሚንቶው ላይ ዕብነ በረድ ሲጨመር ጉዳቱ ይቀጥላል፤ የሚለየው ባለመታየቱ ብቻ ነው። ከዓመታት በኋላ ሰሌዳው ሲረገፍ ከጀርባው የሚገኘው አፈር የሆነ ድንጋይ ነው።

ጎንደር ይህን በትልቁ አሳይታናለች። በፋሲል ግቢ ጣሊያኖች በሲሚንቶና በብረት ኮንክሪት የሠሩት ጥገና ለሕንፃዎቹ የማይስማማ ሆኖ በመገኘቱ፣ በኋላ የመጡት ጠጋኞች እርሱን እያነሡ በኖራ መተካት ነበረባቸው። ከዚያ ትምህርት ተነሥቶ ለእናንተ የሚስማማው ይህ ነው፤ የቀድሞው ሲሚንቶ ድንጋዩን ሳይጎዳ በመሮና በቀላል መዶሻ ሊነሣ የሚችለው ብቻ ይነሣ፤ መገጣጠሚያዎቹ አንድ እጅ በደንብ የራሰ ኖራ ከሦስት እጅ ንጹሕ አሸዋ ጋር ተደባልቆ ይሞሉ። ኖራው አስቀድሞ በጉድጓድ ውስጥ በውኃ ተነክሮ ይክረም፤ ከሰነበተ ይበልጥ ይለዝባል። ሥራው በፀሐይ እንዳይደርቅ በእርጥብ ጆንያ ይሸፈናል። የኤሌክትሪክ መፍጫና የብረት ብሩሽ ወደ ግቢው አይግቡ።

የኮንክሪት ጣሪያውን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ተዉት። 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት በአንድ ካሬ ሜትር 375 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። አሁን ያለው በእንጨት የቆመ የቆርቆሮ ጉልላት ከዚያ ጋር የሚወዳደር ክብደት የለውም። ይህን ሁሉ ሸክም በአንድ ጊዜ በኖራ በተያያዘ፣ ከመቶ ዓመት በፊት ለቀላል ጣሪያ በታሰበ ግድግዳ ላይ መጫን ስንጥቁን ያሰፋዋል፤ መሬት ሲንቀጠቀጥም አደጋው ይብሳል። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽና ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ መሰማቱን ታስታውሳላችሁ። ስንጥቁ ከዚያ በፊት ነበረ ወይስ በኋላ መጣ? የእማሆይ ምስክርነት እዚህ ከማንም ይበልጣል፤ በየቀኑ የሚያዩት እርሳቸው ናቸውና ጠይቋቸው።

ስንጥቁን ከመሙላት በፊት ይንቀሳቀስ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በስንጥቁ ላይ አገናኝቶ ቀጭን የጀሶ ማኅተም ለጥፉ፣ ቀኑን ጻፉበት፤ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ሲያልፍ እዩት። ጀሶው ካልተሰነጠቀ ስንጥቁ አሮጌ ነው፤ በኖራ መሙላት ይበቃዋል። ከተሰነጠቀ ግን መሠረቱ ይንቀሳቀሳልና መሐንዲስ ይጠራ፤ እስከዚያ ድረስ ማንም በላዩ ላይ አይለስን።

ምድር ቤቱን ለመክፈት አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያሉ ክፍሎች ከመሬት ወለል ከፍ ብለው የተከፈቱ ጠባብ የአየር ቀዳዳዎች አሏቸው፤ ከፍ ያለው የግቢው ንጣፍ ወይም ልስን ዘግቷቸው ይሆናል። እነርሱን መክፈት ብቻ ብዙ እርጥበት ያስወጣል። መግባት የግድ ከሆነ በደብሩ አስተዳዳሪ ፈቃድ፣ ካህናት በተገኙበት ይሁን። ክዳኑ ተነሥቶ ክፍሉ በደንብ አየር እስኪያገኝ ሰው አይውረድ፤ አንድም ሰው ብቻውን አይግባ። ውስጡን ውኃ የማያስገባ ቀለም መቀባት ዋጋ የለውም፤ ውኃው ከውጭ ነው። ሣጥኖቹን አታንቀሳቅሱ። ሟች እግሩ ወደ ምሥራቅ ሆኖ የሚቀበር ስለሆነ የሣጥኖቹ አቀማመጥ ራሱ የሥነ ሕንፃው አካል ነው፤ ፎቶግራፍ አንሥታችሁ ሥዕላዊ ልኬት ካደረጋችሁ በቂ ነው።

ከግድግዳው ውጪም ከውስጥም ጽሑፍ ፈልጉ። በኖራ ተደጋግሞ የተቀባ ግድግዳ ሥር የሟቹ ማዕረግ፣ ዘመኑ፣ አንዳንዴም ሥዕል ሊኖር ይችላል። ማታ የእጅ ባትሪ ከጎን በኩል በዝቅታ ሲያበሩበት ቀን የማይታይ ፊደል ጥላ አውጥቶ ይነበባል። ቁጥሩ በግዕዝ ከሆነ በጥንቃቄ ገልብጡት፤ ከዚያ በኋላ የምትጽፉት የቤተሰብ ታሪክ ሁሉ የሚመሰረተው በዚህ ላይ ነው።

ስለ ፈቃድ ባጭሩ፦ መሬቱ የቤተ ክርስቲያን ስለሆነ የደብሩ ፈቃድ የግድ ነው። ከዚያ በተጨማሪ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን መጠገን የሚቻለው ከቅርስ ባለሥልጣኑ አስቀድሞ ፈቃድ ሲገኝ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ቅርሱን የያዘው ወገን በራሱ ወጪ የመጠበቅ ግዴታም አለበት። መቃብር ቤቱ እስካሁን ካልተመዘገበ በከተማው ባህል ቢሮ በኩል እንዲመዘገብ አመልክቱ። ይህን የምለው ለሥርዓት ብቻ አይደለም። በብዙ አድባራት ቦታ እየጠበበ ዐፅም ተነሥቶ ወደ ፉካ እንዲገባ ለቤተሰብ ማሳሰቢያ በሚሰጥበት በዚህ ዘመን፣ ምዝገባው ከማንኛውም ዕብነ በረድ የጠነከረ መከላከያ ነው።

እማሆይን በተመለከተ፣ እባካችሁ በእድሳቱ ስም እንዳታስወጧቸው። ሰው የሚኖርበት መቃብር ቤት ጣሪያው ሲያፈስ ወዲያው ይታወቃል፤ የተዘጋው ግን ሳይታይ ይፈርሳል። የሚያስፈልጋቸው ጭስ መውጫና አስተማማኝ የኤሌክትሪክ መስመር ነው፤ የከሰል ጭስ ግድግዳውንም እርሳቸውንም ይጎዳል። ሥራው በሚካሄድበት ጊዜ ማረፊያ ፈልጉላቸው፣ ሲያልቅ ይመለሱ።

የመጨረሻው ጥያቄዎ የስሞቹ ጉዳይ ነው። በደጃፉ ድንጋይ ላይ አታስቀርጹ። ያ ድንጋይ ስለ አንድ ሰው በአንድ ዘመን የተጻፈ ሰነድ ነው። የቅርብ ዘመዶቻችሁን ስም በተለየ ሰሌዳ ጽፋችሁ በላይኛው ክፍል ውስጥ፣ ከግድግዳው ጥቂት ራቅ ብሎ በራሱ እግር እንዲቆም አድርጉት፤ በድንጋዩ ላይ ምስማርም ሆነ ሲሚንቶ ሳይነካው ይነበባል። ዕብነ በረዱንም ማኅበሩ አስቀድሞ ገዝቶት ከሆነ ለዚህ ይዋል። ለተቋራጩ ደግሞ ሌላ ሥራ ስጡት፤ ሰኔ ሳይገባ አሸንዳውንና ቦዩን ይጨርስ።